ዘንዶው የዋጠው ትዳር

ትዳር በብዙ ነገር ሲናጋ ሰምታችኋል። በአማት፣ በመጠጥ፣ በስልክ፣ በጎረቤት። በቫዮሊን ሲናጋ ያየሁት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ያውም ዘፋኝ በሌለበት፣ ግጥም በሌለበት፣ በባዶ ሙዚቃ። ማጋነን እወዳለሁ ብላችሁ ታሙኛላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። የዚህን ወሬ ግን ሩቡን እንኳ አላጋነንኩም፤ ለማጋነን የሚሆን ቦታ አልተወልኝም።

ነገሩ የተጀመረው ጅጅጋ፣ ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ጋደም ብሎ ሲቅምባት አራተኛው እግሩን ውጭ ትቶ መግባት አለበት። ደግነቱ ከምሳ በኋላ የማንጠፋው ሦስት ብቻ ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ። የተበላሸ ሬዲዮ እሠራለሁ፤ የሠራሁት ሬዲዮ በሳምንቱ ይመለሳል፤ እንደገና እሠራዋለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ከከተማው ግማሽ ጋር ተዛምጃለሁ። ሁለተኛው መምህር ተፈራ ነው። ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ለአንድ ዓመት ብሎ ከመሃል አገር ተመድቦ መጥቶ አሥራ አራተኛውን ይዟል። ሦስተኛው ዑስማን ነው፤ የጅጅጋ ልጅ፣ የሩዝና የፓስታ ነጋዴ። አማርኛውን ከእኛ እኩል ይናገረዋል፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ሶማልኛ ይሻገርና ሲበርድለት ተመልሶ ይመጣል። ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ ሄዶ ሳይበላ የወጣ የለም። ጉድለቱ አንዲት ናት፤ ተሸነፍኩ የሚል ቃል በሁለቱም ቋንቋ አልተማረም።

አንድ ቀን ከሰዓት ፊልም አየን። የተረት ዓይነት ፊልም ነው። በጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ጦር አለ፤ ቤተ መንግሥት የሚያክል ዘንዶ አለ፤ ነጭ ፈረስ የሚጋልብ ጀግናም አለ። ስሙ ምላሳችንን ስላስቸገረን ባለፈረሱ አልነው። ይህ ባለፈረሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አገር ሲያድን ቆይቶ መጨረሻ ላይ ከዘንዶው ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። ዘንዶው አፉን ከፈተ፤ ባለፈረሱን ከነፈረሱ፣ ከነኮርቻው፣ ከነሰይፉ ዋጠው። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። ፊልሙ አለቀ። ቀሪው በክፍል ሁለት።

እናንተ ብትሆኑ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ወደ ሥራችሁ ትሄዱ ነበር። እኛ ግን ገና ጫታችን አላለቀም።

ተፈራ ሰውዬው አልሞተም አለ። የዘንዶ ሆድ ዕቃ እንደ በሬ በክፍል በክፍል የተሠራ ከሆነ የመጀመሪያው ክፍል ከመጋዘን አይተናነስም፤ እዚያ ተቀምጦ በሰይፉ መውጫ መቅደድ ይችላል ብሎ በእጁ አየር ላይ ሥዕል ሣለ። ዑስማን ሞቷል አለ። ስንት ግመል ሲታረድ ቆሞ አይቷል፤ ከአንዷም ሆድ በሕይወት የወጣ ነገር አላየም። ተፈራ ግመል ሰው አትውጥም አለ። ዑስማን ብትውጥም አይወጣም አለ። እኔ ዳኛ ነበርኩ፤ የዳኝነት ሥራዬም አንደኛው ሲደክም ሌላውን መቆስቆስ ነበር።

ዑስማን ወላሂ ብሎ ማለ። ተፈራ ሳቀና ባለፈው ሳምንት ዝናብ ይዘንባል ብለህ የማልከውን ወላሂ ገና አላወራረድክም አለው። ይህን ባይል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ዑስማን ከተጋደመበት ቀና አለ።

“ይሄ ሰውዬ ካልሞተ ሐሊማ የተፈታች ትሁን።”

አፋችን ውስጥ የነበረው ቅጠል ራሱ መታኘክ አቆመ። የእኛ ከተማ ሰው ገበያ ላይ በብዙ ነገር ይምላል፤ በአባቱ መቃብር፣ በዓይኑ፣ በልጁ። ፍቺን ግን በመሐላ አይነካም። ከነካ እንደ ፊርማ ነው፤ ቃሉ ከአፍ ከወጣ ባልየው ራሱ አሳድዶ አይመልሰውም። ዑስማንም ገባው። ከቡና ወደ አመድ መልኩን ቀየረ። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ፤ በፍጥነት ስለማልፈው በደንብ አንብቡ። ወሬውን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። በራችን ላይ ሻይ ለምትሸጠው ሴትዮ። እሷም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረችው። ዑስማን ሲዞር አምሽቶ ቤቱ ሲደርስ ግቢው ተጠርጓል፣ ዕቃው ታጥቧል፣ ሐሊማ የለችም። ለጎረቤት የተወችው መልእክት አጭር ነበር፦ ሚስት መሆኔንና አለመሆኔን ሳላውቅ ከሰው ቤት አልቀመጥም፤ የሰውዬው ነገር ሲለይለት ሐርተሼክ እህቴ ጋ ነኝ።

በማግስቱ ዑስማን ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሱቄ መጣ። ማን እንደነገራት ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ አለኝ። እኔ ምንም ያልሆነ ሬዲዮ ፈትቼ ውስጡን ማየት ጀመርኩ። ያቺ ሬዲዮ እስከ ዛሬ ድረስ አልተገጠመችም።

ሳምንቱን ሙሉ ሲንከራተት አየሁት። ሃያ ዓመት ፓስታ የሸጠ ሰው ፓስታ ስንት ደቂቃ እንደሚቀቀል አያውቅም። አንድ ቀን ሠርቶ አመጣልንና መምህሩና እኔ በሹካ ሳይሆን በቢላዋ ቆራርጠን በላን። ተፈራም ከእሱ አልተሻለም። ጥሩ ሰው ነው፤ ባለፈረሱ እንዲሞት ከልቡ መመኘት ጀመረ። አንድ ጊዜ ዑስማንን አጽናናለሁ ብሎ የሆድ አሲድ ብረት ሳይቀር እንደሚያሟሟ ሲያስረዳ ከቆየ በኋላ፣ የመምህርነት ሕሊናው አላስችል ብሎት፣ “ጊዜ ካገኘ ነው እንጂ” ብሎ አበላሸው።

እኔም ኅሊናዬ ቆረቆረኝ። ክፍል ሁለትን ከየትም ብዬ አስመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ድንበር ከተማዋ ደወሌ ላይ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስጨርስ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ከጅቡቲ በኩል የሚገባ ነገር ሁሉ በእጁ ያልፋል። ደወልኩለትና ነገርኩት፦ ሽፋኑ ላይ ነጭ ፈረስ አለ፣ ዘንዶ አለ፤ ሁለት ቁጥር ከሌለበት እንዳትልክ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ዲስኩ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ በሸበጥ ጫማ ካርቶን መሃል ተቀብሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ፈረሱ አለ። ዘንዶው አለ። ሁለት ቁጥሯ አውራ ጣት ታክላለች።

ሱቄን ዘግቼ ሦስታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰየምን። ዑስማን ጸልዮ ነው የመጣው። ዲስኩን ዴኩ ውስጥ ከተትኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ጥግ ላይ አንድ ቁጥር ወጣች፤ ከሩቅ ቫዮሊን መጣ። ሲጀምር እንዲህ ነው፣ ሆን ብለው ነው የሚያስጠብቁት አልኩ። ጠበቅን። ሰማያዊው ሰማያዊ እንደሆነ ቀጠለ። ዑስማን በሹክሹክታ ይሄ ባሕር ነው አለ፤ ዘንዶው ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ታዲያ ሰው ዘንዶ ሆድ ውስጥ ሆኖ ባሕር ውስጥ ከገባ ሁለት ጊዜ ሞተ ማለት ነው። ደስ አለው። ቁጥሯ ወደ ሁለት ተቀየረች። ተፈራ ምዕራፍ ሁለት ብሎ ማስታወሻ ያዘ። ወደ ሦስት ተቀየረች። ወደ አራት። እኔ የቴሌቪዥኑን ጀርባ መታሁ፤ ሽቦ ቀያየርኩ፤ ሌላ ቴሌቪዥን አመጣሁ። እሱም ሰማያዊ ነው።

አርባ ደቂቃ ያህል ባሕር ካየን በኋላ ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ወንድሜ፣ ይሄኮ ፊልሙ አይደለም። የፊልሙ ሙዚቃ ነው።”

እንግዲህ በከተማው የታወቅኩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ባለሙያ እኔ ነኝ።

ደወሌ ደወልኩ። ወዳጄ በእርጋታ ጠየቀኝ፤ ፈረስ የለውም? አለው። ዘንዶ የለውም? አለው። ሁለት ቁጥርስ? አለው። ታዲያ ምን ጎደለ? ፊልሙ አልኩት። እሱን አላልከኝም አለኝ። ባስበው ባስበው እውነቱን ነው።

ዑስማን ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። ሙዚቃው መጫወቱን አላቆመም ነበርና ተፈራ ድንገት ጣቱን አነሳ። በመጀመሪያው ፊልም ባለፈረሱ በመጣ ቁጥር አንድ መለከት ይነፋ እንደነበር አስታወሰን። አምስት ድምፅ ናት፤ ከኮረብታው ሲወርድ ትነፋለች፣ ከጫካው ሲወጣ ትነፋለች፣ እሱ በሌለበት አንድም ቀን አልተነፋችም። ዜማዋ የእሱ ናት። ይሄ የክፍል ሁለት ሙዚቃ ከሆነ ያቺ መለከት ካለች ሰውዬው አለ፤ ከሌለች የለም። ዑስማን ቀና አለ። በቃ፣ ምስክር ተገኘ።

ከአንድ ጀመርን። እንዲህ ተጠንቅቀን ያደመጥነው ነገር በሕይወታችን የለም፤ ለመንግሥት መግለጫ እንኳ እንዲህ ጆሮ አልሰጠንም። ሁለተኛው ላይ ጭጋግ ነበር፤ ጭጋግ እንዴት እንደሚሰማ አትጠይቁኝ፣ ነበር። አራተኛው ላይ ዝቅ ያለ ከበሮ መጣ፤ ዑስማን ይሄ የዘንዶው ሆድ ሲፈጭ ነው አለ። ተፈራ ልብ ነው አለ። የማን ልብ አለ ዑስማን። ተፈራ የዘንዶው ሊሆን ይችላል ብሎ ለሰላም ሲል አፈገፈገ። ሰባተኛው ላይ መቶ ሰው የሚሆን ሙዚቀኛ በአንድ ጊዜ ተነሣብን። ድምፅ ማጉያዎቹን ትልልቆቹን ገጥሜ ስለነበር ከመደርደሪያው ሁለት ሬዲዮ ወደቀ፤ አንደኛው በወደቀበት መሥራት ጀመረ። ስድስት ወር ያቃተኝ ሬዲዮ ነበር።

አሥራ አንደኛው ላይ መጣች።

አምስቷ ድምፅ ራሷ ናት። ግን መለከት አይደለችም። አንድ ቫዮሊን ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያስታምመው ሰው እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር የሚጫወታት።  ዑስማንን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

“አባቴ ሲሞት” አለ፣ “ዓመት ሙሉ ሳሉን ከበር እሰማ ነበር። ወጥቼ አየዋለሁ። የለም። ይቺ እንደዚያ ናት።”

 እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም። ድምፁን ቀነስኩት።

እዚያ ላይ ብንተወው ደግ ነበር። ግን ተፈራ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሌላ ሐሳብ መጥቶበት ተመለሰ፤ ቀስ ብላ መጫወቷ ሰውዬው ስለደከመ ሊሆን ይችላል አለ፤ ዘንዶ ሆድ ውስጥ ሆኖ ማን መለከት ይነፋል? ዑስማን ተነሣበት። እንደገና ከአንድ ጀመርን። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። የሐረር መስመር ሾፌር አንዱ ቆሞ ሰምቶ፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው መካከል ያለው ጸጥታ ነው ሰውዬው የሞተባት ብሎ ፈርዶ ሄደ። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ ስለ ሰውዬው ምንም አታውቅም፤ ፈረሱ ግን ሲያስነጥስ ሰምቻለሁ ብላ ማለች። አሁን ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሬዲዮውን ከመስጠቱ በፊት የት ወገን እንደሆነ ይናገራል። እኔ ጢሜን ስላጭ የሰባተኛውን ዜማ አንጎራጉር ነበርና አገጬን ቆረጥኩ። ባለቤቴ ፕላስተር እየለጠፈችልኝ፣ ይሄን ነገር እቤት ይዘህ ከመጣህ የሐርተሼክን መንገድ እኔም አውቀዋለሁ አለችኝ።

ያኔ ነው የነቃሁት። ዑስማንን ለምን ሼኹን አትጠይቅም አልኩት። አንገቱን ደፋ። ሼኽ ፊት ቀርቤ በፊልም ነው የማልኩት ልበል? እኔን ያሳደጉኝ ሰው ናቸው እኮ አለ። ቢጠይቅ ከዚህ ሁሉ ቀን ሥቃይ በዳነ ነበር፤ ኀፍረት ነው የያዘው። እኔ እሄድልሃለሁ አልኩ። የማያገባኝ ቦታ ስሄድ እንዴት እንደምፈጥን ማየት ነበረባችሁ።

ሼኽ ኑር ቤታቸው ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሥራ አንደኛውን በካሴት ቀድቼ ቴፔን ከነስድስት የባትሪ ድንጋዩ ታቅፌአለሁ። ምንድን ነው እሱ አሉኝ። ማስረጃ ነው አልኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኳቸው። ዘንዶው ጋ ስደርስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲነቀነቅ አየሁ። ቴፑን ላጫውት ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

“ምስክር ከሆነ ስሙንና የአባቱን ስም ይንገረኝ።”

ከዚያ ፈረዱ። ያልነበረ ሰው አይሞትም፤ አይድንምም። መሐላው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ትዳሩ እንዳለ ነው። ለምላሱ ግን አሥር ድሀ ያብላ፤ ይህንንም ንገረው፣ ዛሬ ስቄአለሁ፣ ሁለተኛ የሚስቱን ስም ከጨዋታ ጋር ቢያነሣ አልስቅም አሉ። እጃቸውን ስሜ ልሮጥ ስል ጨመሩልኝ። ይህን ለሚመለከታት ገና ድሮ ነግሬያታለሁ አሉ። ለማን? ለሐሊማ። መኪና ከመሳፈሯ በፊት እዚህ መጥታ ጠይቃኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ከዘንዶና ከቫዮሊን ጋር ስንታገል መልሱ እዚህ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ታዲያ ለምን አልተመለሰችም አልኳቸው። እኔ የተጠየቅኩት ስለ መሐላው ነው፣ ስለ መኪናው አልተጠየቅኩም አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዑስማንና እኔ ሐርተሼክ ገባን። ዑስማን ሽቶ ይዟል፣ ጨርቅ ይዟል፣ ለእህቷ ሩዝ ይዟል፤ እኔ ቴፔን ይዣለሁ። ፍርዱን መንገድ ላይ ብነግረውም አልቀለለውም። አሁን የሚፈራው ሕጉን አይደለም፤ እሷን ነው። ሐሊማ ወጣች። ረጅም ናት፤ ስትቆም በሩ ያጥራታል። ለእኔ ሻይ በግመል ወተት አቀረበች። ለእሱ አላቀረበችም። ዑስማን ይቅርታ ለማለት ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስቴም መሃል ላይ ጠፋበት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በእኔ የተጫወታችሁበት ሙዚቃ የታለ?

አጫወትኩ። ከአንድ እስከ አሥራ ሰባት፣ ማታውን ሁሉንም ቀድቼው ነበር። ሻሽዋን ወደ ፊት ስባ፣ ሳትንቀሳቀስ ሰማች። አሥራ አንደኛው ሲደርስ ዑስማን ትንፋሹን ያዘ። አሥራ ሰባተኛው ሲያልቅ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

“ሞቷል” አለች።

ዑስማንን ማየት ነበረባችሁ። ሰማይ ቀና ብሎ አየ፤ እኔን አየ፤ እንዲህ ነው አላልኩም አለ፤ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ሮጦ ሻንጣዋን አወጣና የመጣንበት መኪና አናት ላይ ሊያስር ወጣ። ብቻችንን ስንቀር፣ እኔ መቼም ዝም ማለት አይሆንልኝምና፣ እህቴ በምን አወቅሽ አልኳት።

ለካ ክፍል ሁለት ጅጅጋ ሳይደርስ እዚህ ገበያ ደርሶ ነበር። በመጣች በሦስተኛው ቀን ከእህቷ ጋር አይታዋለች። ባለፈረሱ የዘንዶውን ጎን በሰይፍ ቀድዶ ከነፈረሱ ወጥቷል፤ እህትየው አልቅሳለች።

“ታዲያ ለምን ሞቷል አልሽው?”

“መሐላው ባዶ ነው ተብያለሁ። ባዶ ከሆነ ማንን ይጎዳል? ተሸንፈሃል ብለው ግን ዕድሜውን ሙሉ እኔን ባየ ቁጥር ያቺ ቀን ነው የምትታየው። እሱን ታውቀዋለህ። ሦስት ሳምንት ተጨንቋል፤ ይበቃዋል።” ስኒዬን አነሣች። “ለሻይ ሻጯ ማን እንደነገራት እስካሁን አያውቅም። እኔ ዝም ብያለሁ። አንተም ዝም ትላለህ፣ አይደል ጎረቤቴ?”

ሻዩ ትን አለኝ። እላለሁ አልኩ።

አሥሩ ድሀ በሉ፤ በእውነቱ ሠላሳ ይሆናሉ፣ እኔና ተፈራን ሳይጨምር። ሐሊማ ማብሰል ስትጀምር ቆጥራ አታቆምም። ወር ገደማ ቆይቶ ትክክለኛው ክፍል ሁለት ጅጅጋ ገባ፤ ቪዲዮ ቤቱ ሥዕሉን በሩ ላይ ሰቀለ። ዑስማን አልሄድም አለ፤ እኔ በጆሮዬ ጨርሼዋለሁ አለ። ተፈራ ግን ለማንም ሳይነግር ሾልኮ ገባ። ሲወጣ በቀጥታ እኔ ሱቅ በረረ። አሥራ አራት ዓመት ከዑስማን ተከራክሮ አንዲት ቀን ያሸነፈ ሰው እንዴት እንደሚሮጥ አስቡት። ወጥቷል፣ በጎኑ ነው የቀደደው፣ ልክ እንዳልኩት በመጀመሪያው ክፍል በኩል እያለ ሲንተባተብ ይዤ አስቀመጥኩት። ስለ ሻይ ሻጯ ያለውን ብቻ አስቀርቼ ሐሊማ ያለችውን ነገርኩት። መምህር፣ አሁን ያንተ ፈንታ ነው አልኩት። ፊቱ ላይ ባዮሎጂና ወዳጅነት ሲታገሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዑስማን ገባ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፊቱ ሞላ ብሏል። ተፈራ ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ ሰው አይቶት ነግሮታል። ጫቱን ቁጭ አደረገና ቀስ ብሎ ጠየቀው።

“እህ፣ መምህር። አየኸው?”

ተፈራ እኔን አየኝ፤ መሬቱን አየ።

“ነፍስ ይማር” አለ።

ዑስማን አልሳቀበትም፤ አልፎከረበትምም። አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን ይዞ፣ አይዞህ ወንድሜ አለው፤ እስከ ማታ ድረስም ሲያጽናናው ዋለ።